በመብራቱ ውስጥ አንድ ክዳን ጸበል

ልጄ የመኪና መብራት መስታወት ታድስ ነበር። አሁን አታድስም። ያስተውኳት እኔ ነኝ። ሳላስበው ነው፤ ግን እኔ ነኝ።

በካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር በተከራየነው ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ፣ የተገለበጠ የቲማቲም ሣጥን ላይ ትቀመጥ ነበር። መሣሪያዋ ብዙ አልነበረም። አንድ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ እጀታው የተጣመመ ማንኪያ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የአባቷ አሮጌ ከነቴራ፣ እዚህ ሰንፈራ የሚሉት የብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ለስላሳው። መስታወት እንላለን እንጂ ፕላስቲክ ነው። የካርቱም ፀሐይ ያገኘው ፕላስቲክ ሁሉ ጥቂት ዓመት ሲቆይ የታማሚ ዓይን ይመስላል። ቢጫ ይሆናል፣ ይደበዝዛል። ቀን ላይ መኪናው ደህና ነው። ሲመሽ መብራቱ ፊቱ ያለውን ጉድጓድ እንኳ አያሳይም።

እሷ ያንን ቢጫ ትገፍፈዋለች። ውኃ እያፈሰሰች በሻካራው ወረቀት ትፈትገዋለች። መጀመሪያ ይብስበታል፤ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ያኔ የመኪናው ባለቤት ይደነግጣል። እሷ ቀና አትልም። «ኡስቡር፣ ያ ዓሚ» ትለዋለች፤ ታገሥ አጎቴ ማለቷ ነው። ወደ ለስላሳው ወረቀት ትሄዳለች፤ ከዚያ ይበልጥ ወደሚለሰልሰው። መጨረሻ ላይ በጥርስ ሳሙናና በከነቴራው ታሸዋለች። ስትጨርስ ውኃ ትደፋበታለች፤ አምፖሉ ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው ጣቱን ይሰዳል፣ መስታወቱ በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ።

ያስተማራት ሰው አልነበረም። ፊልም የሚያሳይ ስልክ ወደ ቤታችን በገባ ዓመት ነው የጀመረችው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳለች፤ ወረቀታችን ስላልተሟላ ከዚያ በላይ አልሄደችም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤት ተቀምጣ ስልኩን ስታይ ትውላለች ብዬ ስቆጣት፣ ለካ የምታየው ሰዎች መብራት ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው። መጀመሪያ የአንድ ጎረቤታችንን ራክሻ፣ የባጃጁን ማለት ነው፣ መብራት ሠራች። ቀጥሎ የወንድሙን መኪና። ከዚያ ሰው እየጠየቀ መምጣት ጀመረ።

እኔ በዚያን ጊዜ አርካዊት በሚባለው ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኝነት እሠራ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጠዋት ሄጄ ከሰዓት እመለሳለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ልጄ ያደገችው ከዚያ ቤት በመጣ እንጀራ ነው። ነገር ግን ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ደረጃውን በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው የማጥበው። በዐሥረኛው ዓመት ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። በዐሥራ አንደኛው ግራው ተከተለው። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም የምንላት፣ አየችኝ።

«ልጅሽን አምጪልኝ» አለችኝ። «እዚሁ እያደረች ትሥራ። አንቺን የመሰለች ታማኝ ከየት አገኛለሁ?»

ሙገሳ ነበር። እኔም እንደ ሙገሳ ተቀብዬው ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ባለቤቴ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ መኪና ይነዳል፤ ስምንት ሰው ትይዛለች። ከአል-ሳሃፋ ወደ ሶባ ሆስፒታል ጠያቂ ያመላልሳል። ጥሩ ሰው ነው። የልጁ ነገር ግን ያሳፍረው ነበር። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ከወንድ መኪና ፊት ስትንበረከክ፣ ጎረቤት በበር ገርበብታ ሲያይ፣ እሱ ከግቢው ወጥቶ ይሄዳል። የማዳምን ቃል ስነግረው ደስ አለው።

ልጄ ምሳ ላይ ሰማች።

«ባባ፣ እኔ ኸዳማ አልሆንም» አለች። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ዞር ብላ አየችኝና «ማማ፣ ይቅርታ» አለች።

«እናትሽ በምን ያሳደገችሽ መሰለሽ?» አላት አባቷ።

«በሱ ነው። ኻላስ፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። ሳህኑን ገፋ።

ሙሩር፣ ማለት ትራፊክ ፖሊሱ፣ የሚያደርገው የመኪናዋ የዓመት ምርመራ ቀርቦ ነበር። ያንን ያላለፈ መኪና ተርኺስ፣ ማለት የመንገድ ፈቃድ፣ አያገኝም። መብራቷ ደግሞ ከመኪናዋ ሁሉ የከፋ ነበር። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ የግራው ጥጉ ተሰንጥቋል።

«እሺ» አላት። «የኔን መኪና ሥሪ። ሙሩር ካሳለፋት በዚሁ ግቢ ሥራሽን ትሠሪያለሽ፤ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካላሳለፋት ግን ቅዳሜ አርካዊት ትገቢያለሽ። አንቺም አፍሽን አትከፍቺም።»

«ወላሂ?»

«የክርስቲያን ልጅ ወላሂ አይልም።»

«እሺ፣ በማርያም?»

«በማርያም» አለ፣ ሳይወድ። እጇን ዘረጋችለት። አባትና ልጅ እንደ በግ ነጋዴ ተጨባበጡ።

መብራቶቹን ፈትታ ባወረደች ጊዜ ፊቷ ጠቆረ። ቢጫው ከውጭ ብቻ አልነበረም።

«ውስጡም ታሟል፣ ማማ። መክፈት አለብኝ።»

ከፍታ አታውቅም። መስታወቱ ከጀርባው ጋር በጥቁር ሙጫ ተጣብቋል፤ ሙጫው የሚለቀው በሙቀት ነው። በስልኩ ላይ ያሉት ሰዎች መብራቱን እንደ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። እኛ ምድጃ የለንም። ሁለቱን መብራቶች በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ በእኩለ ቀን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አወጣቻቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ስታወርዳቸው በጨርቅ ነው የያዘቻቸው። ከዚያ በላይ ሙቀት ሲያስፈልጋት አንዲት ሌላ ጎረቤታችን ዘንድ ሮጣ ሄደች፤ ሱዳናዊት ናት፣ ቤቷ ውስጥ ፀጉር ትሠራለች።

«የፀጉር ማድረቂያሽን አውሺኝ።»

«ለማን ሠርግ ነው?»

«ለአባቴ መኪና።»

ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ማድረቂያውን ይዛ ራሷ ተከትላት መጣች። «ሙሽራዋ የት አለች?» እያለች ከአጠገቧ ተቀመጠች። ልጄ ዳር ዳሩን እያሞቀች፣ ካቻቪቴውን በቀስታ እየሰደደች፣ በማንኪያው እጀታ እየደገፈች ዞረችው። ሙጫው እንደ ማስቲካ ተሳበ። በመጨረሻ «ጧ» ብሎ ተላቀቀ። ሁላችንም ዘለልን። ተሰበረ ብለን ነበር፤ አልተሰበረም። ጎረቤታችን እልልታዋን አቀለጠችው።

ውስጡ እንደ ብር ያበራል። ልጄ እጄን ይዛ አስጠነቀቀችኝ።

«እዚህ ጋ እጅ የለም፣ ማማ። ጨርቅ የለም። ብሩ በጣት ይላጣል። ውኃም ጠብታ ከቀረ መብራቱ ሲሞቅ በእንፋሎት ይታፈናል።»

ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ለተሰነጠቀው ጥግ ከአሮጌ መኪና ዕቃ ተራ አንድ የተሰባበረ መስታወት አባቷ አመጣላት። በዚህ እንኳ ረዳት፤ ልቡ ሁለት ነበር። ቢላዋ ከሰል ላይ አግላ የሚገጥመውን ያህል ቆረጠች፤ ጠርዙን ፈተገች፤ ለካች፤ እንደገና ፈተገች። ግማሽ ቀን ፈጀባት። ሲገባ የት ላይ እንደተቀጠለ ጣት ነው የሚያውቀው፣ ዓይን አያውቀውም። ከዚያ ዙሪያውን በሲሊኮን ዘጋችው። የካርቱም አቧራ ግድግዳ ያልፋል። ስለዚህ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ እንኳ ወተፈቻት። ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይደር አለች። ማንም አይንካው አለች።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ተነሣሁ። ጸሎቴን አደረስኩ። መብራቶቹ አልጋው ሥር በምንጣፍ ላይ ፊታቸውን ደፍተው ተኝተዋል። መስታወታቸው ተዘግቷል፤ አምፖሉ የሚገባበት የጀርባቸው ቀዳዳ ግን ገና ክፍት ነው። የስኒ አፍ ያህላል። ልጄ ተኝታለች። ጥፍሯ ሥር ሲሊኮን ደርቋል።

ለእሷ ምን ላድርግላት? ፈታጊ አይደለሁ። አልቆርጥ፣ አልለካ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ልጅ ሲታመም፣ ሰው መንገድ ሲወጣ፣ ቤት ስንለውጥ የማደርገውን አደረግሁ። የጸበል ጠርሙሴን ከራስጌዬ አነሣሁ። ከአገር ቤት ገዳም በመጣ እምነት፣ አመድ በሚመስለው አፈር የተበጠበጠ ነበር። አልቋል፤ ከሥሩ የቀረው አንድ ክዳን ብቻ ነው። ለግራው ሰጠሁት፤ የተሰነጠቀው፣ የታመመው እሱ ስለሆነ። በስመ አብ ብዬ በቀዳዳው አፈሰስኩት። የድንግል ልጅ፣ እጇን ባርክላት አልኩ። ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁና ሄድኩ።

ውኃ መሆኑን ረሳሁ ብል ውሸት ነው። ጸበል ውኃ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ አምፖሎቹን ገጠመችና መብራቶቹን መኪናዋ ላይ ሰካቻቸው። አባቷ መኪናዋን አጥቦ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ምርመራው ሄደ። እኔ ወደ አርካዊት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ሳጥብ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ መኪናዋ በራችን ላይ ቆማለች፤ መብራቷ በቀን በርቷል። የቀኙ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሏል። የግራው በእንፋሎት ታፍኗል፤ ውስጡ ጠብታ ይንሸራተታል። ባለቤቴ ሞተሩን አላጠፋም። በሩን ከፍቶ እግሩን አውጥቶ ተቀምጧል።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ተራ ስንጠብቅ ምንም አልነበረውም። መብራት አብራ አለኝ፤ አበራሁ። ፀሐዩም ሞተሩም አሞቀው። መኮንኑ ጎንበስ ብሎ አየና ጓደኞቹን ጠራ። ‹ያ ሐበሺ፣ ዓሣ ነው የምታረባው?› አለኝ። አንዱ መጥቶ መስታወቱን እያንኳኳ ‹ለምሳ አንድ ስጠን› አለ። ተሰልፎ የነበረው ሰው በሙሉ ሳቀ።» ወደ ልጁ ዞረ። «እሷ ፊት ነው የሳቁብኝ።»

ልጄ ወደ መኪናዋ ፊት ሄደች። ኮፈኑን ከፍታ የግራውን መብራት ፈታች። አምፖሉን ነቅላ መብራቱን በመዳፏ ላይ ዘቀዘቀችው። ጥቂት ውኃ ወረደ። ጥርት ያለ አልነበረም፤ አመድማ ነበር። በሁለት ጣቷ አሸችው። ወደ አፍንጫዋ አቀረበችው። ልጄ በየእሑዱ ግንባሯን በእሱ እየተቀባች ነው ያደገችው።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ረጅም ጊዜ እኔ ላይ ቆየ። እኔ ወደ በሩ አየሁ።

«ምንድን ነው?» አላት አባቷ።

«ውኃ ነው፣ ባባ።»

«ከየት ገባ?»

ጠበቀች። አሁን ሳስበው እኔን ነበር የምትጠብቀው። «ከኔ ነው» አለች። «በደንብ አልዘጋሁትም።»

በደንብ ዘግታዋለች። በደንብ ስለዘጋችው ነው ውኃው መውጫ ያጣው። የተቀጣችው ሥራዋ በማማሩ ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚናገርላት ሰው አልነበረም፤ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ለራሴ ብዙ ጊዜ መልስ ሰጥቻለሁ። ጸበል ጎዳን ማለት ድፍረት ነው ብዬ ነው። በአሕዛብ አገር፣ በሳቁብን ሰዎች ፊት፣ ባለቤቴም ተቆጥቶ ባለበት ሰዓት የጸበልን ስም ማንሣት ከበደኝ። ይህ መልስ ለረጅም ጊዜ አገለገለኝ። ሃይማኖት ስለሚመስል ማንም አይከራከረውም።

ባለቤቴ ከሰው ላይ ያገለገለ መብራት ገዝቶ አስገጠመ፤ መኪናዋ በሳምንቱ አለፈች። ልጄ በማርያም የተባለውን አስታውሳ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ቅዳሜ ጠዋት ልብሷን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አብሬያት ሄድኩ። ሃፍላው፣ የሕዝብ አውቶቡሱ፣ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፌስታሏን ጭኗ ላይ አቅፋ ነበር።  ማዳም በሩ ላይ አቅፋ ሳመቻት። «እናትሽን ነው የምትመስይው» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ከሥራ ወጣሁ። ቤት ተቀመጥኩ። በሦስት ወር ውስጥ የግራ ጉልበቴ እብጠት ጠፋ፤ ቀኙም ቀለለኝ። ቅዳሴ ቆሜ አስቀደስኩ፤ ስንት ዓመት ተቀምጬ ነበር የማስቀድሰው። ጧፍ አበራሁ። ጉልበቴን የማርክልኝ፣ ተመስገን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ለአንድ ዓመት ያህል እንዲህ እያልኩ ኖርኩ።

አንድ ጾም ውስጥ፣ ስግደት ላይ፣ ጉልበቴ ምንም ሳይለኝ ወርጄ ምንም ሳይለኝ ተነሣሁ። ወዲያው የአርካዊት ደረጃ ታየኝ። አሁን ማን ተንበርክኮ እንደሚያጥበው ታየኝ። ስግደቱን አልጨረስኩም። አንድ ዓመት ሙሉ የማመሰግነው በልጄ ጉልበት ኖሯል።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክዳኑን፣ ዓሣውን፣ በሩን ማየቴን።

«ጸበል ጎዳን ማለት ከበደኝ፣ አባ» አልኳቸው።

«ጸበሉን ማን ከሰሰው?» አሉኝ። «ጸበሉ ያፈሰስሽው ቦታ ነው የተገኘው። ልጅሽ ስትወቀስ ግን አንቺ የት ተገኘሽ?»

መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ሰባት ቀን ጹሚ። ጾሙ ግን ለአንቺ ነው፤ ለልጅሽ አይደርሳትም። ለእሷ የሚደርሳት ቃል ነው።»

ሰባቱን ቀን ጾምኩ። ቃሉን ለመናገር ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ወራት ፈጀብኝ። ጾም ይቀላል።

ልጄ በየሁለት ሳምንቱ አርብ፣ የምሳውን ዕቃ አጥባ ከጨረሰች በኋላ፣ ለሁለት ሰዓት ትመጣለች። እዚህ አርብ ነው የዕረፍት ቀን። ማዳም ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። አንድ አርብ መጥታ የአባቷን ሸሚዝ ከእኔ ጋር ገመድ ላይ ስታሰጣ፣ እጇን አየሁት። በበረኪና ተላልጧል። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም።

«የዚያ መብራት ውኃ» አልኩ፤ «እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። ጸበል ነው።»

ሸሚዙን መዘርጋቷን አላቆመችም።

«አውቃለሁ፣ ማማ። ሽታውን አውቀዋለሁ።»

«ለምን ለአባትሽ አልነገርሽውም?»

«ጉልበትሽ ታሞ ነበር።»

አልገባኝም። «ጉልበቴ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔ በአንቺ ቦታ እንድገባልሽ ፈልገሽ መስሎኝ ነበራ። በአፍሽ መናገር አልቻልሽም፤ በውኃ ተናገርሽ።» የልብስ መቆንጠጫውን ከጥርሷ አወጣች። «ማፊ ሙሽኪላ። ችግር የለም። ደክሞሽ ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ ሆን ብላ ሥራዬን አበላሸችብኝ ብላ ኖራለች። እንዲያም ብላ አልጠላችኝም። ይቅር ብላኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ መጥታ ሸሚዝ እያሰጣችልኝ ኖራለች። ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለበረከት ነው!» አልኩ። ድምፄ ጮኸ። «ማርያምን፣ እንዲቃናልሽ ብዬ ነው!»

ዞራ አየችኝ። እውነት መሆኑን ፊቴ ላይ አገኘችው መሰለኝ። ከዚያ ሳቀች። ያን ሳቅ መጻፍ አልችልም።

«በመብራት ውስጥ?» አለች። «ማማ፣ ቢያንስ ከውጭ ብትረጪው ምናለበት?»

እኔም ሳቅሁ፤ እያለቀስኩ ነው የሳቅሁት። ሳቁ ሲያልቅ አንዱን ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሺ፣ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

 ባዶውን ቅርጫት አነሣሁ።

ባለቤቴ ሲገባ ለእሱም በእሷ ፊት ነገርኩት። በዚያን ጊዜ ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር ግማሽ ሳምንቱን ሰልፍ ላይ ነበር የሚያሳልፈው፤ ቤቱ የቆመው በልጃችን ደመወዝ ነው። ይቆጣል ብዬ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ» አለኝ፤ «ሁለተኛ አስሞክራት ነበር። የቀኙ እኮ እንከን አልነበረውም። መኮንኑም የቀኙን ማን ሠራው ብሎ ጠይቆኝ ነበር።»

«ይህን አልነገርከኝም» አለችው ልጄ።

«ተናድጄ ነበር።»

 ለካ እሱም አንድ ቃል ደብቆ ኖሯል።

ኮፍያውን መልሶ ደፋ። «ያ የገዛሁት መብራት እንደገና ቢጫ ሆኗል። አንቺ ልጅ፣ ተነሽ እስቲ ሥሪልኝ።»

ልጄ የግድግዳ ሰዓቱን አየች። «ባባ፣ በአንድ ሰዓት ምን ይሠራል? ለመክፈት ብቻ ግማሽ ቀን ነው። ሲሊኮኑ ሁለት ቀን ይፈልጋል።» ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። ጎንበስ እንዳለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ማማ፣ ማዳምን አንቺ አናግሪያት» አለች። «እኔ ስጠይቃት ኢንሻላህ ትለኛለች። ጁምዓን ሙሉ ትስጠኝ። በየሳምንቱ።»

ቅዳሜ ጠዋት አርካዊት ሄድኩ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ቤት አንድም ነገር ጠይቄ አላውቅም። ማዳም ሳሎን አስቀመጠችኝ፤ ሳሎን ተቀምጬም አላውቅም። ሻይ ያመጣችልኝ ልጄ ናት። ትሪውን አስቀምጣ ግድግዳው ጋ ቆመች።

የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ኢንሻላህ» አለች ማዳም።

«ኢንሻላህ ለእግዚአብሔር ነው፣ ማዳም። አንቺ እሺ ወይ እንቢ በይኝ።»

አረብኛዬ የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ወጥቶት አያውቅም። ማዳም ስኒዋን አስቀመጠች። ቀድሞ እንዲህ አልነበርሽም አለችኝ። አልነበርኩም አልኳት። አርብ እንግዳ እንደሚበዛ፣ ምሳውን ብቻዋን እንደማትችለው፣ ልጄን እንደ ልጇ እንደምታያት ነገረችኝ። ሁሉንም ሰማሁ። አልተነሣሁም። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ከቀትር ጀምሮ አለች፤ በየሳምንቱ፣ ከቀትር እስከ ምሽት። ሙሉውን አልሰጠችም።

ልጄ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ግማሽ ነው» አልኳት።

«ሰማሁ።» መዝጊያውን ያዘች። «ሂጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።»

አሁን አርብ አርብ ትመጣለች። አባቷ በመጀመሪያው አርብ መብራቱን ፈትቶ አዘጋጅቶ ጠበቃት። ገባች፣ እግሯን ታጠበች፣ ትንሽ ጋደም ልበል አለች። አልተነሣችም። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው አባቷ መብራቱን መልሶ ገጠመው፤ ምንም አልተናገረም። ስትተኛ በረንዳው ላይ ጠፍር አልጋው ላይ ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ሁለት እጇን በጭኖቿ መካከል ጨብጣ። ዝንቡን አባርርላታለሁ። በአጠገቧ ስቀመጥ ተመስገን እላለሁ፤ ጤነኛ ናት፣ ሰው ቤት ቀን አልከፋባትም፣ ከእኔ አልራቀችም። ይህንን አንድ በአንድ ለእግዚአብሔር እቆጥርለታለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ወደ አርካዊት እንድትመለስ፣ የምቀሰቅሳት እኔ ነኝ።